የመርቸንት ኔቪ ሎኮሞቲቮች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በደቡብ እንግሊዝ መስመሮች ላይ ከ1941 እስከ 1967 ስለሠሩት 30 የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች በብዛት ለሚነሱ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች ናቸው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ቶን ሲባልም 1,016 ኪሎ ግራም የሚመዝነው የእንግሊዝ ቶን ነው።

መርቸንት ኔቪ የሚባሉት የትኞቹ ናቸው?

ሳውዘርን ሬልዌይ የተባለው ኩባንያ በኢስትሊ ፋብሪካው የሠራቸው ከባድ የመንገደኛ ሎኮሞቲቮች ናቸው። ንድፋቸውን ያወጣው ከ1937 ጀምሮ የኩባንያው ዋና የሜካኒክ መሐንዲስ የነበረው ኦሊቨር ቡሌይድ ነው። ቡሌይድ በኒውዚላንድ ተወልዶ፣ ወደ ሳውዘርን ከመምጣቱ በፊት በሌላ የባቡር ኩባንያ ዋና መሐንዲስ የነበረው የናይጅል ግሬዝሊ ረዳት ሆኖ ለብዙ ዓመታት ሠርቷል።

ሥራው በሦስት ዙር ተከናወነ፤ አሥሩ በ1941 እና 1942፣ አሥሩ በ1944 እና 1945፣ የመጨረሻዎቹ አሥሩ ደግሞ የባቡር ኩባንያዎቹ የመንግሥት ከሆኑ በኋላ በ1948 እና 1949 ተጠናቀቁ። ስማቸውን የወሰዱት ከመርከብ ኩባንያዎች ነው። ሳውዘምፕተን ወደብ የሳውዘርን ንብረት ስለነበር፣ እዚያ መርከብ የሚያቆሙ ደንበኞችን ማክበሪያም ሆነላቸው።

የጎማቸው አደራደር 4-6-2 ነው። ከፊት አራት ትንንሽ ጎማዎች፣ መሐል 1.88 ሜትር ዲያሜትር ያላቸው ስድስት ጎታች ጎማዎች፣ ከኋላ ሁለት ተሸካሚ ጎማዎች አሏቸው። ሦስት ሲሊንደሮች ያሏቸው ሲሆን፣ የእያንዳንዱ ስፋት 18 ኢንች፣ የፒስተኑ ጉዞ 24 ኢንች ነው።

ጦርነት እየተካሄደ ፈጣን የመንገደኛ ሎኮሞቲቭ መሥራት እንዴት ተፈቀደ?

በመንገደኛ ሎኮሞቲቭነት አልተፈቀደም። መንግሥት በጦርነቱ ወቅት ፈጣን የመንገደኛ ሎኮሞቲቭ እንዳይሠራ ከልክሎ ነበር። ስለዚህ ሳውዘርን እነዚህን «ቅይጥ አገልግሎት» ብሎ መዘገባቸው፤ ዕቃም መንገደኛም ይጎትታሉ ማለት ነው። በጦርነቱ ዘመን ዕቃ መጎተታቸው እውነት ቢሆንም ታስበው የተነደፉት ከለንደን ወደ ዶቨር፣ ወደ ቦርንማውዝና ወደ ኤክሰተር ለሚሄዱ ከባድ የመንገደኛ ባቡሮች ነው። የመጀመሪያው ሎኮሞቲቭ ቻነል ፓኬት ተብሎ መጋቢት 10 ቀን 1941 ሲሰየም የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ራሱ ተገኝቷል።

21ሲ1 የሚለው ቁጥር ምን ማለት ነው?

ቡሌይድ የአውሮፓን አሰያየም በራሱ መንገድ አሻሽሎ የተጠቀመበት ነው። 2 ከፊት ያሉት ተሸካሚ አክስሎች፣ 1 ከኋላ ያለው ተሸካሚ አክስል፣ «ሲ» ሦስቱ ጎታች አክስሎች ናቸው፤ የመጨረሻው 1 ደግሞ የሎኮሞቲቩ ተራ ቁጥር ነው። ከ1948 በኋላ በተለመደው አሠራር ከ35001 እስከ 35030 ተቆጥረዋል። ከዚህ በታች የምንጠቀመው ይህን ቁጥር ነው።

ቦይለሩ ለምን እንዲህ ይወደሳል?

እንፋሎት ስለማያልቅበት ነው። በዚህ ላይ ሠራተኞችም ሆኑ ተቺዎች ይስማማሉ። ምክንያቱ አራት ነገሮች አንድ ላይ መሆናቸው ነው።

አንደኛ፣ ከሰሉ የሚነድበት ፍርግርግ 4.5 ካሬ ሜትር ያህል ሰፊ በመሆኑ፣ ደካማ ከሰል እንኳ በስሱ ተዘርግቶ ይነዳል። ሁለተኛ፣ በምድጃው ውስጥ ሁለት ተርሚክ ሲፎኖች አሉ። እነዚህ ከምድጃው ወለል አጠገብ ተነሥተው እስከ ጣሪያው የሚደርሱ፣ ወደ ላይ እየሰፉ የሚሄዱ የብረት ጉሮሮዎች ናቸው። ውሃው በውስጣቸው ሽቅብ ይሮጣል፤ እሳቱን የሚነካው ገጽ ይጨምራል፤ የውሃው ዝውውርም ይፈጥናል። ሦስተኛ፣ የግፊቱ መጠን በካሬ ኢንች 280 ፓውንድ ወይም 19.3 ባር ነበር፤ በ1950ዎቹ የጥገና ወጪን ለመቀነስ ወደ 250 ፓውንድ ወርዷል። አራተኛ፣ የተሠራበት እንፋሎት በጢስ ማውጫው የሚወጣው በአንድ አፍ ሳይሆን በአምስት ትንንሽ አፎች ነው። እንፋሎቱ ሲወጣ እሳቱን በኃይል ይስባል፤ ፒስተኑን ግን ወደ ኋላ ብዙም አይገፋም።

ምድጃው እንደ እንግሊዝ ልማድ ከመዳብ ተሠርቶ በሪቬት አልተያያዘም፤ ከብረት ተሠርቶ ተበየደ። ይህ ክብደትም ዋጋም ይቀንሳል። ብረት ግን ከመዳብ ይልቅ ለውሃ ጥራት ስስ ነው፤ ጨውና ኖራ የበዛበት ውሃ ይበላዋል። ሳውዘርን በፈረንሳዩ የአርማን ዘዴ ውሃውን በኬሚካል ማከም የጀመረው ለዚህ ነው፤ የምድጃዎቹ ዕድሜም በግልጽ ረዘመ። ዛሬ ቦይለሩን የሚንከባከቡ ሰዎችም ሁለት ነገር አይዘነጉም፤ ትኩስ ቦይለር ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ አይሞሉም፣ እሳቱ ወድቆ ሳለም የምድጃውን በር ከፍተው ቀዝቃዛ አየር አያስገቡም። የብየዳ ስፌት የሚሰነጠቀው በዚያ ድንገተኛ መኮማተር ነው።

በእጅ ነበር ከሰል የሚጨመርባቸው?

አዎ፣ በአካፋ። የምድጃው በር ግን በእግር በሚረገጥ መርገጫ በእንፋሎት ይከፈት ነበር፤ ስለዚህ ከሰል ጨማሪው እጁን ከአካፋው አያነሣም። በ35005 ካናዲያን ፓሲፊክ ላይ በ1948 ከሰል በማሽን የሚጨምር በርክሊ የተባለ መሣሪያ ተገጥሞ ተሞክሯል፤ ጥቅሙ ወጪውን ስላልሸፈነ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተነሣ።

ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው ካቴና የት ነው ያለው? ለምንስ ዘይት ውስጥ ተዘፈቀ?

የዚህ ንድፍ ትልቁ ድፍረት እዚህ ላይ ነው።

በተለመደው ሎኮሞቲቭ ላይ እንፋሎቱን ወደ ሲሊንደሩ የሚያስገቡትንና የሚያስወጡትን ቫልቮች የሚያንቀሳቅሱት ዘንጎች በግልጽ ይታያሉ። ሠራተኛው ከጉዞ በፊት የዘይት ጣሳ ይዞ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ አንድ በአንድ ያጠጣል። አመድና አቧራ ግን መገጣጠሚያው ውስጥ ይገባል፤ በፍሬሙ መሐል ያለውን ውስጠኛ ሲሊንደር ለማጠጣት ደግሞ ከሥር መግባት ያስፈልጋል። ቡሌይድ ይህን ሁሉ ለማስቀረት የሦስቱንም ሲሊንደር የቫልቭ ማንቀሳቀሻ፣ የውስጠኛውን ሲሊንደር ገፊ ዘንግና ትልቁን ኩሽኔታ ጭምር፣ በአንድ ዝግ የብረት ሳጥን ውስጥ አስገባ። ሳጥኑ ውስጥ 40 ጋሎን ወይም 182 ሊትር ያህል ዘይት አለ፤ ፓምፖች ዘይቱን እየመጠጡ በመገጣጠሚያዎቹ ላይ ያፈስሱታል። የመኪና ሞተር ከነዘይት ኮፓው ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው ሐሳቡን ወዲያው ይረዳዋል።

ኃይሉን ከጎታቹ አክስል የሚወስደው ካቴና ነው። አንዱ ካቴና ከአክስሉ ወደ መካከለኛ ዘንግ፣ ሌላው ከዚያ ዘንግ ወደ ባለሦስት ክርን ትንሽ ክራንክ ሻፍት ይሄዳል። ክራንክ ሻፍቱ ሦስቱንም ቫልቮች ያዛል። ቦታ ጠባብ ስለነበር ማንቀሳቀሻው በትንሹ ተሠርቶ፣ እንቅስቃሴው ቫልቩ ጋ ከመድረሱ በፊት በማወዛወዣ ክንድ በ8 ለ3 መጠን እንዲሰፋ ተደረገ።

ታዲያ ምኑ ላይ ነው የተበላሸው?

ካቴና ያልባል። ፒኖቹና ቀዳዳዎቹ እያንዳንዳቸው ጥቂት ሲበሉ ድምሩ ትልቅ ነው። አክስሉ በባሌስትራው ላይ ከፍ ዝቅ ሲል ደግሞ የላላው ካቴና ይወዛወዛል። ቫልቩ ሊከፈት ከሚገባው ጊዜ ይዘገያል። ከዚያ ያ 8 ለ3 የሚባለው ማስፊያ ይመጣል፤ ሳጥኑ ውስጥ የተፈጠረ የ3 ሚሊ ሜትር ስህተት ቫልቩ ጋ 8 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይደርሳል። ስለዚህ እንፋሎት ለምን ያህል የፒስተን ጉዞ እንደሚገባ ነጂው በመለኪያው ላይ የሚያነበው ቁጥር ሲሊንደሩ ውስጥ ከሚሆነው ጋር አይገጥምም፤ ሁለት አንድ ዓይነት ሎኮሞቲቮች በአንድ ዓይነት አነዳድ የተለያየ ከሰል ይበላሉ።

ሁለተኛው ችግር ሳጥኑ ራሱ ነው። ከሎኮሞቲቩ ፍሬም ጋር የተያያዘ በመሆኑ ፍሬሙ ሲታጠፍ ሳጥኑም ይጨነቃል፤ ስፌቱ ይሰነጠቃል። አክስልና ዘንግ ሳጥኑን ሰንጥቀው በሚወጡበት ቦታ ማሸጊያው አልያዘም። ዘይት ይወጣል፣ ውሃ ይገባል። ውሃ የገባበት ዘይት ደግሞ ሊጠብቀው የተቀመጠለትን ብረት ያዝጋል።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚከፋው፣ ብልሽቱ የማይታይ መሆኑ ነው። በተለመደው ማንቀሳቀሻ ላይ የላላ ፒን በዓይን ይታያል፣ በመዶሻ ሲነካ ይሰማል። እዚህ ግን ሳጥኑ ተከፍቶ ካልሆነ በቀር ምንም አይታወቅም። ሐሳቡ ትክክል ነበር ብለን እናምናለን፤ የጎደለው ማሸጊያውን፣ ካቴናውንና ሳጥኑን በጥንቃቄ ለመፈተን የሚያስፈልገው ጊዜና ማቴሪያል ነው። ቡሌይድ በመጀመሪያ የፈለገው በጥርስ ጎማ የሚሠራ ማንቀሳቀሻ ሲሆን፣ በጦርነቱ ምክንያት ያ ስላልተገኘ ወደ ካቴና ዞረ።

እሳት ይነሣባቸው ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ከሳጥኑ የሚፈሰው ዘይት ተረጭቶ በቦይለሩ ዙሪያ ያለውን የሙቀት መከላከያ ጥጥ ያረጥበዋል። ከአመድ ማጠራቀሚያው ወይም ከፍሬኑ የሚወጣ ፍንጣሪ ይነካውና ይያያዛል። ውጪውን የሸፈነው የላሜራ ልብስ እሳቱን ስለሚደብቀው፣ ሠራተኞቹ የሚያዩት ቆይቶ ነው፤ ውሃ ለማፍሰስም ላሜራው መፈታት አለበት። የእሳት አደጋ ሠራተኞች የተጠሩባቸው ጊዜያት ነበሩ።

ያ የላሜራ ልብስ ለፍጥነት የተሠራ አይደለም?

አይደለም። ንፋስ ለመሰንጠቅ ቢሆን ኖሮ ፊቱ ጠፍጣፋ ባልሆነ። ቡሌይድ የፈለገው ሎኮሞቲቩ እንደ ፉርጎ በማጠቢያ ማሽን ውስጥ አልፎ በቀላሉ እንዲታጠብ ነው። ያልታሰበው ጣጣ ጢሱ ሆነ፤ የሚወጣው እንፋሎት ለስላሳ ስለሆነ ጢሱ ወደ ላይ አይወረወርም፣ ጠፍጣፋው ጎን ላይ ተንከባሎ የነጂውን እይታ ይጋርዳል። ከጢስ ማውጫው ፊት ሽፋን ተጨመረ፣ በጎን የጢስ መመለሻ ሳንቃዎች ቆሙ፣ የነጂው ክፍል የፊት መስኮትም በሰያፍ ተሠራ። ተሻሻለ እንጂ ሙሉ በሙሉ አልተፈታም።

ጎማቸው ለምን ባለበት ይሽከረከር ነበር?

ምክንያቱ አንድ አይደለም። የሚፈሰው ዘይት ጎማውንና ሀዲዱን ይቀባል። የ4-6-2 አደራደር ያለው ማንኛውም ሎኮሞቲቭ ሲነሣ ክብደቱ ወደ ኋላ ይጫንና ከጎታቾቹ ጎማዎች ላይ ከፊሉ ወደ ኋለኛው ተሸካሚ ጎማ ይሄዳል። በዚህ ላይ የቫልቩን ማርሽ፣ ማለትም የጉዞውን አቅጣጫና የሚገባውን እንፋሎት መጠን፣ የሚቀይረው መሣሪያ በእንፋሎት የሚሠራ ስለነበር ነጂው ያስቀመጠበት ቦታ አይቆምም፤ በራሱ ወደ አንዱ ጫፍ ይንሸራተታል። 17 ቶን ገደማ የሚደርስ የመጎተት ኃይል ባለበት ይህ ሁሉ ሲደመር ጎማው ያመልጣል።

ልምድ ያላቸው ነጂዎች የሚከተሉት ቅደም ተከተል ይህ ነበር። ማርሹን ሙሉ ወደ ፊት አድርጎ እዚያው መቆሙን ማየት፤ ውሃ እንዲወጣ የሲሊንደር ማፍሰሻዎቹን መክፈት፤ ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ መለቀቁን ከመለኪያው ማረጋገጥ፤ የእንፋሎት መክፈቻውን ባቡሩ እስኪነቃነቅ ብቻ ጥቂት መክፈትና መጠበቅ። ጎማው ካመለጠ መጀመሪያ እንፋሎቱ ይዘጋል፣ ጎማው ሲረጋ አሸዋ ይለቀቃል። እየተሽከረከረ ባለ ጎማ ሥር አሸዋ ማፍሰስ ድንገት ስለሚያስይዘው ዘንጎቹን ያጣምማል።

ከ1956 በኋላ እንደገና ሲሠሩም ጠባዩ ፈጽሞ አልለቀቃቸውም። 35004 ኩናርድ ዋይት ስታር በ1965 ሃምፕሺር ውስጥ ሁክ አጠገብ በፍጥነት ላይ ሳለ ጎማው አምልጦ የማያያዣ ዘንጎቹ ተጣመሙ፤ ወደ ሥራ ሳይመለስ ተቆራረጠ።

በ1953 በክሩከርን የደረሰው ምንድን ነው?

ሚያዝያ 24 ቀን 1953 35020 ቢቢ ላይን በፍጥነት እየተጓዘ ወደ ክሩከርን ጣቢያ ሲቃረብ መካከለኛው ጎታች አክስል ተሰበረ። ይህ አክስል ተራ ዘንግ አይደለም፤ ውስጠኛው ሲሊንደር የሚገፋው ክርን ያለበት፣ የካቴናውም ጥርስ ጎማ የተቀመጠበት ነው። ማንም ሰው አልተጎዳም። ምርመራው ምክንያቱ የብረት ድካም መሆኑን አገኘ፤ በጊዜ ብዛት ከሚደጋገም ጫና የሚጀምርና ቀስ በቀስ የሚሰፋ ስንጥቅ ማለት ነው። ሠላሳዎቹም ለምርመራ ከሥራ ስለወጡ፣ ከመንግሥት ባቡር ሌሎች ክልሎች ሎኮሞቲቮች ተውሰው ክፍተቱን ሸፈኑ።

እንደገና ሲሠሩ ምን ተቀየረ፣ ምንስ እንዳለ ቀረ?

ሥራውን የመራው መሐንዲሱ ሮን ጃርቪስ ነው። የመጀመሪያው 35018 ብሪቲሽ ኢንዲያ ላይን በየካቲት 1956 ወጣ፤ ሠላሳውም በ1959 አለቀ።

የወጡት፦ ካቴናው፣ የዘይቱ ሳጥን፣ የላሜራው ልብስ፣ በእንፋሎት የሚሠራው የማርሽ መቀየሪያ። በምትካቸው ለሦስቱም ሲሊንደር በየራሱ ዋልሻርት የተባለው የተለመደ የቫልቭ ማንቀሳቀሻ፣ አዲስ የውስጥ ሲሊንደር፣ በእጅ የሚዞር ባለጥርስ የማርሽ መቀየሪያና የተሻለ የአሸዋ መልቀቂያ ተገጠመ።

የቀሩት ደግሞ ቦይለሩ፣ ምድጃው ከነሲፎኖቹ፣ ዋናው ፍሬም፣ የውጪዎቹ ሲሊንደሮች፣ ጎማዎቹና አምስቱ የእንፋሎት አፎች ናቸው። በዚህም የቡሌይድ ሥራ ተሻረ የሚለው አነጋገር ልክ አይመስለንም። ጉልበቱ የሚመነጭበት ክፍል ሁሉ የእሱ ነው።

የጠፋም ነገር ግን አለ። ክብደቱ ከ95 ቶን ገደማ ወደ 98 ቶን ገደማ ከፍ አለ። በመጀመሪያው ንድፍ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚመላለሱት ክፍሎች በጎማው ላይ ሚዛን አልተደረገላቸውም ነበር፤ ሦስቱ ሲሊንደሮች ተራርቀው ስለሚሠሩ ሀዲዱን የሚቀጠቅጥ ምት አይኖርም። በአዲሱ ላይ ሚዛን ስለተጨመረ ያ ምት ተመለሰ። ለሀዲድ የሚያስብ መሐንዲስ ይህን እንደ ኪሳራ ይቆጥረዋል፤ ለጥገና ክፍሉ ግን ልውውጡ ትርፍ ነበር።

ውሃ መንገድ ላይ ይሞሉ ነበር?

ሳውዘርን ሎኮሞቲቮች እየሮጡ ውሃ የሚቀዱበት፣ በሀዲዱ መሐል የተዘረጋ የውሃ ገንዳ አልነበረውም። ስለዚህ ተጎታቹ ታንከር ትልቅ መሆን ነበረበት፤ በመጀመሪያ 5,000 ጋሎን፣ በሦስተኛው ዙር 6,000 ጋሎን፣ ማለትም 27,300 ሊትር ገደማ፣ ከ5 ቶን ከሰል ጋር። ወደ ኤክሰተር የሚሄዱት ባቡሮች ውሃ ለመሙላት ሶልዝበሪ ላይ ይቆሙ ነበር።

ፎቶ አይቼ ዘመኑን እንዴት ልገምት?

መጀመሪያ ጎኑን እይ። የላሜራ ልብስ ካለው ከ1959 በፊት ነው፤ ክብ ቦይለርና በግልጽ የሚታዩ ዘንጎች ካሉት ከ1956 ወዲህ ነው። ልብሱ ካለ ቁጥሩን አንብብ፤ 21ሲ ከሆነ ከ1948 መጀመሪያ በፊት የተነሣ ሳይሆን አይቀርም፣ ቁጥር መቀየሩ ግን ጥቂት ጊዜ ወስዷል። በቀለም ፎቶ ላይ ማላኪት የሚባለው ደማቅ አረንጓዴ የሳውዘርን ነው፤ ጥቁር የጦርነቱ ዘመን ነው፤ ሰማያዊ ከ1949 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነበር፤ ጥቁር አረንጓዴ ከዚያ እስከ መጨረሻው። በጢስ ክፍሉ በር ላይ የተገለበጠ የፈረስ ጫማ የመሰለ ምልክት ካየህ ገና የመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ናቸው፤ ሠራተኞቹ መጥፎ ዕድል ያመጣል ብለው ስላልወደዱት ወደ ሙሉ ክብ ተቀየረ።

ከዌስት ካንትሪ እና ከባትል ኦቭ ብሪተን ሎኮሞቲቮች በምን ይለያሉ?

እነዚያ ቀለል ያሉ ታናናሾቻቸው ናቸው። ከ1945 እስከ 1951 110 ተሠርተዋል፤ ሲሊንደራቸው 16 ኢንች ከ3/8፣ ፍርግርጋቸው 3.55 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ካቴናውና የዘይቱ ሳጥን እነሱም ላይ አለ። 60ው እንደገና ተሠሩ፤ 50ው እስከ መጨረሻው በመጀመሪያው መልካቸው ቆዩ። ስለዚህ ካቴናውን ሲሠራ ማየት የሚፈልግ ሰው መፈለግ ያለበት ከእነዚህ ከተረፉት መካከል ነው።

ምን ያህል ይፈጥኑ ነበር?

በዘወትር ሥራ በሰዓት ከ130 እስከ 140 ኪሎ ሜትር። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ግን ነጂዎቹ ገደቡን ለቀቁት፤ ሰኔ 26 ቀን 1967 35003 ሮያል ሜይል 106 ማይል፣ ማለትም 170 ኪሎ ሜትር ደርሶ ተመዝግቧል።

መቼ አበቃ? ዛሬስ ስንቱ አለ?

ከ1964 ጀምሮ ከሥራ መውጣት ጀመሩ፤ የቦርንማውዝ መስመር በኤሌክትሪክ ሲተካ ሐምሌ 9 ቀን 1967 የመጨረሻው የእንፋሎት ቀን ሆነ። በዚያ ቀን ከዌይማውዝ ተነሥቶ ለንደን ዋተርሉ ጣቢያ የገባውን የመጨረሻ የእንፋሎት መንገደኛ ባቡር የጎተተው 35030 ኤልደር ደምፕስተር ላይንስ ነበር፤ እሱ ራሱ ግን አልተረፈም።

የተረፉት 11 ናቸው፦ 35005፣ 35006፣ 35009፣ 35010፣ 35011፣ 35018፣ 35022፣ 35025፣ 35027፣ 35028 እና 35029። ከእነዚህ አሥሩ ዌልስ ውስጥ ባሪ በሚገኘው የብረት ቁርጥራጭ ግቢ ዓመታት ቆመው ከዚያ የተገዙ ናቸው። 35028 ክላን ላይን ብቻ በ1967 ከባቡር ድርጅቱ በቀጥታ ተገዝቷል።

ውስጡን ማየት ለሚፈልግ ሰው 35029 ኤለርማን ላይንስ በዮርክ ብሔራዊ የባቡር ሙዚየም አለ፤ ጎኑ ተቆርጦ ስለተከፈተ ምድጃው፣ ሲፎኖቹ፣ የቦይለሩ ቱቦዎችና ሲሊንደሩ ይታያሉ። 35011 ጀነራል ስቲም ናቪጌሽንን ደግሞ ወደ መጀመሪያው መልኩ፣ ከነካቴናውና ከነላሜራ ልብሱ፣ ለመመለስ እየተሠራ ነው። ለዚህ አዲስ የውስጥ ሲሊንደርና ሙሉ የካቴና ማንቀሳቀሻ መሥራት ያስፈልጋል፤ በ1950ዎቹ የወጡት ክፍሎች ተጥለዋልና።